ጉልበቷን የሚያማትን እናቴን ቺንኰ ቴሬ እንዴት ላስጎብኛት?

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሚላኖ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታለች። ባሕር በቅርብ አይታ ስለማታውቅ፣ ቺንኰ ቴሬን፣ ማለትም በጣሊያን ባሕር ዳርቻ ያሉትን አምስት መንደሮች፣ የሚያሳየን ለእኛ ብቻ የሚሆን አስጎብኚ ቀጠርኩ። መስመሩን የላከልኝ ግን ቀብድ ከከፈልኩ በኋላ ነው፤ ከሞንቴሮሶ ቬርናትሳ፣ ከዚያ ኮርኒሊያ፣ ሁሉም በእግር! የመጀመሪያው ክፍል ብቻ ሁለት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ፣ ደረጃ የበዛበት ዳገትና ቁልቁለት ነው። እሷ ደግሞ ጉልበቷን ያማታል፤ «ላንቺ ስል እሄደዋለሁ» ስትለኝ ሆዴ ይባባል።

ያሰብኩት መንደሮቹን በባቡር እያዳረስን፣ በእግር ሪዮማጆሬንና ማናሮላን የሚያገናኘውን «የፍቅር መንገድ» ብቻ እንድንሄድ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ሜዳ ነው፤ በ2012 እ.ኤ.አ. በናዳ ተዘግቶ በ2024 ተከፍቷል። አስጎብኚው ግን መስመር አልቀይርም አለኝ።

አረጋዊ ወላጅ ይዛችሁ የሄዳችሁ፣ እንዴት አደረጋችሁ? ቀብዱን ትቼ ሌላ ልፈልግ? ኮርኒሊያንስ ልዝለላት? ከጣቢያው እስከ መንደሩ 382 ደረጃ አለ፤ ወደ መንደሩ የሚወጣው አውቶቡስ ለአረጋዊ ይመቻል?

ፍልሰታን ስለምትጾም ምግቡም አሳስቦኛል። ፔስቶ የሚባለው የበሶብላ ስጎ አይብ አለበት፤ በሽንብራ ዱቄትና በዘይት የሚጋገረው ፋሪናታ ግን ይሆናታል። ጥሩ የሚጋግሩበትን ጠቁሙኝ፤ የምንሄደው ቅዳሜ ነው።