እቅፉ ምኑን ተናገረ?

የፉትስክሬይ አባት፦
ቅዳሜ ዕለት እዚህ ሜልበርን በማኅበረሰባችን አዳራሽ፣ ኪነ ጥበብ ዘረኝነትንና የሙስሊም ጥላቻን እንዴት ይመክታል በሚል ውይይት ነበር። አንዱ ተናጋሪ እዚሁ ሜልበርን፣ ብረንስዊክ ሠፈር የእህል ጎተራው ላይ ያለውን ትልቅ ሥዕል አነሣ። የኒውዚላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረችው ጃሲንዳ አርደርን ራሷን በሻሽ ሸፍና አንዲት ሙስሊም ሴት ያቀፈችበትን ማለት ነው። «እቅፉ ሁሉንም ተናግሯል» አለ፤ አዳራሹ አጨበጨበለት። እኔ እጄን አላነሣሁም። መጋቢት 6 ቀን 2011 በኒውዚላንዷ ከተማ ክራይስትቸርች ለጁምዓ ሶላት በወጡበት በሁለት መስጊዶች 51 ሰዎች ተገድለዋል። ገዳያቸው ከምንኖርበት ከዚሁ አገር፣ ከአውስትራሊያ የሄደ ነው። ከ25 ሜትር ከፍታ ወደ እኛ የሚያየው ግን የመሪዋ ፊት ነው። ሐዘንተኛዋ ጀርባዋን ሰጥታናለች። ሁሉንም የተናገረ እቅፍ የእርሷን ፊት ለምን ደበቀብን?

ሂጃቤን ያላወለቅኩት፦
ወንድሜ፣ እርስዎ ባያጨበጭቡም ያ ሥዕል ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። ሳምንቱን ያስታውሱ። እሑድ ቢሾፍቱ ላይ አውሮፕላናችን ወድቆ 157 ሰው አልቆ ለቅሶ ተቀምጠን ነበር። ዓርብ ደግሞ ይህ ተደረበ። ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ የሂጃቤን መርፌ ማስያዝ አቅቶኝ ሦስት ጊዜ ወደቀብኝ፤ ጣቶቼ እየተንቀጠቀጡ። እናቴ ስልክ ደውላ «ለጊዜው አውልቂው» አለችኝ። አላወለቅኩትም። ሥዕሉ ያለቀ ሰሞን ሥሩ ቆሜ አለቀስኩ። በዚህ ከተማ የሚያየኝ ሰው እንዳለ የተሰማኝ ያኔ ነው።

ሰዓሊ ነኝ፦
ሥዕሉን ሎሬታ ሊዚዮ የሣለችው ዌሊንግተን መስጊድ ውስጥ ከተነሣ ፎቶግራፍ ነው። ያው ፎቶግራፍ ዱባይ ቡርጅ ኸሊፋ ላይም በብርሃን ታይቷል። «ፊቷን ደበቀ» የሚለው ክስ አይዋጥልኝም። ሰው ለቅሶ ላይ እያለ ፊቱን አግዝፎ ግድግዳ ላይ መስቀል ነውር አይደለምን? ጀርባዋን መሣል እርሷን ማክበር ነው።

የፉትስክሬይ አባት፦
ማክበር ከሆነ ሟቾቹ ለምን በሌላ መንገድ አልመጡም? እጅ፣ ስም፣ መስገጃ፣ አንድ ነገር! ይህ የአንድ ሥዕል ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ስለዚሁ ግድያ ፊልም ሊሠራ ነው ተባለ፤ ዋናዋ ባለታሪክ እንደገና ጠቅላይ ሚኒስትሯ። ርእሱ እንኳን «እነርሱ እኛ ናቸው» ከሚለው ንግግሯ የተወሰደ ነበር። የሙስሊም ወጣቶች ማኅበር ይቁም ብሎ ተነሣ፤ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ፈረመ፤ አንዷ ፕሮዲውሰር ይቅርታ ጠይቃ ወጣች። አርደርን ራሷም ጊዜው ገና ነው፣ የሚነገረውም የእኔ ታሪክ አይደለም ብላለች። እርሷ የተረዳችውን የቅዳሜው ተናጋሪ አልተረዳም።

የወሎ ልጅ፦
«ሁሉንም ተናግሯል» የምትለዋ ቃል እኔንም አላስተኛችኝም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የኒውዚላንድ መንግሥት አጣሪ ኮሚሽን ዘገባ የጸጥታ መሥሪያ ቤቶቹ ያለ አግባብ ዓይናቸውን የጣሉት በሙስሊም አክራሪዎች ሥጋት ላይ እንደነበር አስፍሯል። የሙስሊም ሴቶች ምክር ቤት ከግድያው በፊት ለባለሥልጣናት ሥጋቱን ደጋግሞ ነግሯል። ይህን እቅፉ ተናግሯል? እቅፍ ከሞት በኋላ የመጣ ነው። የእኛ መንዙማ እኮ መከራን የሚናገረው በባለመከራው አፍ ነው። ድቤው እየተመታ፣ አውጪው ሲያወጣ ተቀባዩ ሲቀበል፣ ማንም አጽናኝ ከመሐል አይቆምም።

ታዛቢው፦
ስለ ኒውዚላንድ ይህን ያህል ስታለቅሱ ታኅሣሥ 2012 ሞጣ ላይ መስጊዶች ሲቃጠሉ የት ነበራችሁ? የትኛው አበሻ ሰዓሊ ግድግዳ ቀባ?

የወሎ ልጅ፦
እኔ የዚያን ሰሞን አልተኛሁም፤ ለማንም መሐላ አልምልም።

ታዛቢው፦
አንተን ብቻ አይደለም ያልኩት።

የፉትስክሬይ አባት፦
ሞጣን ለብቻው እንነጋገርበት፤ ይገባዋል። አብያተ ክርስቲያናትም ተቃጥለዋል፤ እዚያም ዝም ያልን አለን። ሞጣን እያነሡ የክራይስትቸርችን አፍ መዝጋት ግን አልቀበልም።

ሰዓሊ ነኝ፦
ታዛቢው የጠየቀው ለእኔ ነው፤ ልመልስ። አልቀባሁም። ፈራሁ። የሠፈሬ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። ሊዚዮን ስከላከል ከነበረው ድምፄ ውስጥ ይህ እንዳለበት ዛሬ ገብቶኛል።

የቅዳሴ ልጅ፦
ክርስቲያን ነኝ፤ እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ግድያው ከተፈጸመ ከጥቂት ቀናት በኋላ ክራይስትቸርች ውስጥ አንድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፉ ላይ 50 ጥንድ ነጭ ጫማ ደርድሮ ነበር፤ በዚያን ሰዓት የሟቾች ቁጥር 50 ስለነበር። ሥዕል የለ፣ ፊት የለ፣ መሪ የለ። ጫማ ብቻ። እኛ ኦርቶዶክሶች ጫማ አውልቆ መግባትን ከልጅነታችን እናውቀዋለን፤ ከመቅደስ ስንወጣ እዚያው እናገኘዋለን። ምስሉን ሳይ የታየኝ ሳይመለሱ የቀሩት ናቸው። በአል ኑር መስጊድ በር ላይ መሣሪያ ይዞ የመጣውን ሰው «ሃሎ ወንድሜ» ብለው የተቀበሉት የ71 ዓመት አባት፣ የሦስት ዓመቱ የሶማሌ ልጅ። ኪነ ጥበብ እንዲህ ይመልስ እላለሁ።

የወሎ ልጅ፦
ይህም ቢሆን ያዘጋጀው ቤተ ክርስቲያን ነው። እንደገና በሌላ እጅ።

የቅዳሴ ልጅ፦
ታዲያ እጃችንን እንሰብስብ? ሰው ደጁ ላይ ጫማ ስለደረደረ ይወቀሳል?

የወሎ ልጅ፦
አይወቀስም። የሐዘኑ ባለቤት ሲናገር ግን ዝም በሉ ነው የምለው።

ሂጃቤን ያላወለቅኩት፦
የሐዘኑ ባለቤት እኔ ነኝ፤ ተናገርኩ እኮ። ሥዕሉ ሥር አለቀስኩ አልኳችሁ። ከእናንተ አንድም ሰው ምን አየሽበት ብሎ አልጠየቀኝም። እኔ ያየሁት የመሪዋን ፊት አልነበረም። የታቀፈችውን ሴት ሻሽ ነው፤ ጫፉ ከመሪዋ እጅ ሥር እንዴት እንደተጨማደደ። እናቴ ስታቅፈኝ እንዲሁ ነው የሚጨማደደው።

የፉትስክሬይ አባት፦
እህቴ፣ አልጠየቅኩሽም፤ አጥፍቻለሁ። ጫማውንም እቀበላለሁ። ግን 51ኛው ሟች ሆስፒታል ውስጥ ከወር በላይ ሲታገል ቆይቶ ነው ያረፈው፤ ለእርሱም አንድ ጥንድ ይገባዋል። የቅዳሜውን ጭብጨባ ግን ዛሬም አልቀበለውም።

ሂጃቤን ያላወለቅኩት፦
እኔም እንባዬን አልመልሰውም።