መኪና ለሌለው ቤተሰብ የሚሆን ኮንዶሚኒየም የት ይገኛል?

ሰላም ለሁላችሁ። ገርጂ ተከራይተን የምንኖር ባልና ሚስት ነን፤ የ7 ዓመት ሴት ልጅና የ3 ዓመት ወንድ ልጅ አሉን። ከቁጠባም ከቤተሰብም ተሰባስቦ 4.5 ሚሊዮን ብር ይዘናል። መኪና የለንም፣ የመግዛት ሐሳቡም የለንም። የምንፈልገው ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና ጉልት በእግር የሚደረስበት፣ ልጆች ግቢ ውስጥ ያለ ስጋት የሚጫወቱበት።

መጀመሪያ የወደድነው አያትን ነው። ባለቤቴ የምትሠራው ሜክሲኮ ስለሆነ ባቡሩ ቀጥ አድርጎ ያደርሳታል። ግን በእኛ ብር ያገኘነው ባለ አንድ መኝታ ብቻ ነው፣ ለአራት ሰው ጠባብ ነው። ቱሉ ዲምቱንም አየን፣ ለሥራዋ በጣም ራቀን።

ቦሌ አራብሳ ላይ ግን ልክ የምንፈልገው ቤት ተገኘ፤ ትምህርት ቤቱ ከብሎኩ ብዙም አይርቅም፣ ዋጋውም ይስማማናል። ችግሩ ባለዕድሉ ቤቱን ከተረከበ ገና 5 ዓመት አልሞላውም፣ እስከዚያ ደግሞ መሸጥ አይፈቀድም። ደላላው «ለጊዜው በውክልና ያዙት፣ ስሙ በኋላ ይዞራል» ይለናል። ውክልና እኮ ሰጪው በፈለገ ጊዜ ይሽረዋል፣ ከሞተም ይቋረጣል! የልጆቼን ቤት በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ማስቀመጥ አልፈልግም።

እናንተ በምትኖሩበት ሳይት፣ በዚህ ብር ካርታው ያለቀለት ባለ ሁለት መኝታ፣ ትምህርት ቤትና ታክሲ በእግር የሚደረስበት የት ነው?