ፍላሽ ላይ ያሉ ፎልደሮች ሾርትከት ሆኑብኝ፤ ሁለት አንቲቫይረስ ልጫን?

ጠያቂ፦ ሰላም ነው? ዊንዶውስ 10 ነው የምጠቀመው። ፍላሽ በሰካሁ ቁጥር ፎልደሮቹ ጠፍተው ሾርትከት ብቻ ይቀራል። ሁለተኛ አንቲቫይረስ ልጨምር?

መልስ 1፦ ኧረ ተው! ሁለቱ እርስ በርስ ይጋጩና ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል እንጂ ጥበቃው አይጨምርም። ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው ዲፌንደር የሚባለው አንቲቫይረስ ለቤት ይበቃል፣ አፕዴት ካደረግከው። ፋይሎችህ ደግሞ አልጠፉም፣ ቫይረሱ ደብቋቸው ነው፤ ሾርትከቱን ግን እንዳትከፍተው፣ እሱን ስትከፍት ነው ቫይረሱ የሚነሳው። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ሙሉ ስካን አድርግ፣ ከዚያ ፍላሹን።

መልስ 2፦ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፣ ማሽኑ ከቻለ ወደ 11 እለፍ። ክራክ የተደረገ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረ) ሶፍትዌር ካለም አጥፋው።

ጠያቂ፦ ክራክማ ሞልቷል 😅 ኮምፒውተሩን ፎርማት ላድርገው?

መልስ 1፦ አትቸኩል። ዲፌንደር ውስጥ ኦፍላይን ስካን አለ፣ ዊንዶውስ ሳይነሳ ይፈትሻል። እሱን ሞክርና ንገረን።