እኩል እየጨመረ ለምን ፕሮፖርሽናል አይደለም ይባላል? (7ኛ ክፍል ሂሳብ)

የማሂ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ልጄ እዚህ ሜሪላንድ 7ኛ ክፍል ናት፣ አሁን የያዙት ፕሮፖርሽናል ሪሌሽንሺፕ የሚባለውን ነው፣ አገር ቤት ንጥጥርና ወደር ብለን የተማርነው ማለት ነው። የቤት ሥራዋ ላይ የታክሲ ዋጋ ሰንጠረዥ አለ፣ 1 ማይል 6 ዶላር፣ 2 ማይል 8፣ 3 ማይል 10 እያለ ይሄዳል፣ ጥያቄው ፕሮፖርሽናል ነው ወይስ አይደለም ነው። እሷ በየማይሉ 2 ዶላር ስለሚጨምር ነው ብላ ጻፈች፣ መምህሯ ስህተት ነው አለቻት። እኛ እኮ የጠፋውን ቁጥር በመስቀለኛ አባዝተን ነበር የምናወጣው፣ እንዲህ አይነት ጥያቄ አላስታውስም። ልጅቷ እኩል እየጨመረ እኮ ነው እያለች ተናዳለች፣ እንዴት ላስረዳት?

ሂሳብ መምህር (አዲስ አበባ)፦
እህቴ፣ ልጅሽ ያየችው ነገር እውነት ነው፣ እኩል ይጨምራል። ግን እኩል መጨመሩ ብቻውን ወደር አያደርገውም። አንዱ እጥፍ ሲሆን ሌላውም እጥፍ ይሆናል ወይ ብላ ትጠይቅ። 1 ማይል 6 ከሆነ 2 ማይል 12 መሆን ነበረበት፣ ሰንጠረዡ የሚለው ግን 8 ነው። ወይ ደግሞ ዋጋውን ለማይሉ ታካፍለው፣ መጀመሪያ 6 ይመጣል፣ ከዛ 4፣ ከዛ 3.33፣ ወደር ቢሆን ኖሮ ሁሌ አንድ ቁጥር ነበር የሚመጣው። ምክንያቱ ታክሲው ገና ሳይንቀሳቀስ 4 ዶላር ቆጥሯል። ቲማቲም በኪሎ ስትገዢ ግን ምንም ካልወሰድሽ ምንም አትከፍይም።
የመስቀለኛውን ነገር ካነሳሽ አይቀር ደግሞ፣ 3 ማይል 10 ነው ብላ 6 ማይልን በመስቀለኛ ብታወጣው 20 ይመጣላታል፣ ትክክለኛው ግን 16 ነው። መስቀለኛ ማባዛት የሚሠራው ወደር መሆኑ ከታወቀ በኋላ ነው፣ እሱ ራሱ ወደር ይሁን አይሁን አይነግርሽም፣ ለዚህ ነው ይሄ ጥያቄ ቀድሞ መጠየቁ ጥሩ ነው የምለው፣ ብዙ ተማሪ ቁጥር ባየ ቁጥር ዝም ብሎ ያባዛል።

ዳላስ_ኢንጂነር፦
መምህር ጥሩ ብለዋል፣ እኔ ግራፉን ልጨምር። የታክሲውም የቲማቲሙም ግራፍ ቀጥ ያለ መስመር ነው የሚሆኑት፣ ልጆቹን የሚያሳስታቸውም ይሄው ነው፣ ወደር የሆነው ግን ዜሮ ዜሮ ላይ ማለፍ አለበት። አሜሪካ ላለ ልጅ ደግሞ ምርጥ ምሳሌ አለ፣ 10 ሴልሺየስ 50 ፋራናይት ነው፣ 20 ሴልሺየስ ግን 100 ሳይሆን 68 ነው፣ ስለዚህ ወደር አይደለም። ማይልና ኪሎሜትር ግን ወደር ነው፣ 1 ማይል 1.609 ኪሎሜትር፣ 10 ማይል 16.09፣ ያቺ የማትለወጠው 1.609 ናት ኮንስታንት ኦፍ ፕሮፖርሽናሊቲ የሚሏት። የታክሲው ሰንጠረዥም ከንቱ አይደለም፣ 8ኛ ክፍል ስሎፕ (የመስመር ተዳፋት) ሲማሩ ተመልሶ ይመጣል።

የማሂ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ የፋራናይቱ በደንብ ገባት። ሠራተኛ ሲበዛ ቀኑ ያንሳል የሚለው ነበር እኮ፣ እሱስ ወዴት ነው?

ሂሳብ መምህር (አዲስ አበባ)፦
እሱ ኢ-ርቱዕ ወደር ነው፣ እዛ ላይ የማይለወጠው ብዜቱ ነው፣ 6 ሰው በ8 ቀን የሚጨርሰውን 12 ሰው በ4 ቀን ይጨርሰዋል፣ ሁለቱም ሲባዛ 48። አሁን ግን አትቀላቅዪባት፣ እነሱ 7ኛ ላይ የሚያተኩሩት ርቱዑ ላይ፣ አንዱ እጥፍ ሲሆን ሌላውም እጥፍ የሚሆንበት ላይ ነው። ይልቅ የታክሲው ሰንጠረዥ ላይ 0 ማይል የሚል መስመር ጨምሪና እሷ ራሷ ትሙላው።