37 ፑል ሪኩዌስት ላክሁ፣ 34ቱ ተዘጉብኝ። የት ጋ ነው የሳትኩት?

ነጭ ሰሌዳ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ፣ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የምሠራው በራሱ ቴስት (ኮድ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ትንሽ ኮድ) የሚጽፍ መሣሪያ ላይ ነው። የጃቫ ኮድ ይሰጠዋል፣ በቴስት ያልተነኩ መስመሮችን ይለቅማል፣ ለነሱ ዩኒት ቴስት ይጽፋል። እኔ ኮምፒውተር ላይ ሲሠራ ደስ ይላል። አማካሪዬ ግን "ገምጋሚዎቹ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ፣ ቴስቶቹን የተቀበለ እውነተኛ ፕሮጀክት አለ ወይ ብለው ነው" አሉኝ።

እሺ ብዬ 11 ኦፕን ሶርስ (ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮጀክቶች መረጥኩ። በአንድ ሳምንት 37 ፑል ሪኩዌስት (ይህን ኮድ ተቀበሉኝ የሚል ጥያቄ) ላክሁ። 34ቱ ተዘጉ፣ አልተቀበሏቸውም። ሁለቱ እስካሁን መልስ የላቸውም። አንዱ ገባ። እሱም የገባው እግረ መንገዴን አንድ ኮሜንት ላይ የነበረ የፊደል ስህተት ስላረምኩ ይመስለኛል።

አንዱ ሜይንቴይነር (ፕሮጀክቱን የሚይዘው ሰው) ሲዘጋው አንድ መስመር ብቻ ጻፈልኝ፦ "ይሄ ቴስት የዛሬ ዓመት ሲወድቅ የሚያስተካክለው ማነው?" ሌላው ደግሞ አንድ ከጨመርሽ ብሎክ አደርግሻለሁ አለኝ።

በአንዱ ፕሮጀክት ሽፋኑን (በቴስት የተነኩ መስመሮችን ድርሻ) ከ61 ወደ 78 በመቶ አድርሼዋለሁ እኮ! ያውም በነጻ! ጽሑፉን የማስገባበት ቀን አራት ወር ቀርቶታል። ከኦፕን ሶርስ ሰዎች ጋር አብራችሁ የሠራችሁ ካላችሁ እስቲ ንገሩኝ። ምኑ ነው ያናደዳቸው?

ሰሚኮለን፦

"ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት" ይሉሻል እንዲህ ነው። ይቅርታ፣ ሳቄ አምልጦኝ ነው። ከ37ቱ በፊት ለአንዳቸውስ ሰላም ብለሽ ነበር?

ነጭ ሰሌዳ፦

አላልኩም። ኮዱ ራሱ ይናገራል ብዬ ነው።

የሌሊት ፈረቃ፦

እህቴ፣ እኔ ከዘጊዎቹ ወገን ነኝ። ያንቺን አልዘጋሁም፣ የሌሎችን ግን ዘግቻለሁ። ከወዲህ በኩል ምን እንደሚመስል ልንገርሽ።

ቀን የምትተነትን ትንሽ የጃቫ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙባት ኮድ) አለችኝ። ዘጠኝ ዓመት ሆናት። የምንይዛት ሁለት ሰዎች ነን፣ ሁለታችንም የቀን ሥራ አለን። እኔ የምነካት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። ቢበዛ በምሽት ሁለት ሰዓት።

አንድ ምሽት ስከፍት 14 ፑል ሪኩዌስት ከአንድ ሰው መጥቶ ጠበቀኝ። ሁሉም ቴስት ነው። ሁሉም "ሽፋን ይጨምራል" ይላል። የቴስቶቹ ስም ቴስት01፣ ቴስት02 እያለ እስከ ቴስት63 ይሄዳል። አንዱን ዝም ብዬ ከፈትኩት። ሐሳቡ ይኸውልሽ፦ "ፌብሩዋሪ 30፣ 2019" የሚል ጽሑፍ ሲገባ፣ "ማርች 2" መውጣት አለበት።

አየሽው? ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለም። ላይብረሪያችን ስህተት ነው ብላ መጮህ ሲገባት ዝም ብላ ወደ ማርች ትገፋዋለች። ተጠቃሚዎች ያመለከቱት፣ ሁለት ዓመት ክፍት የቆየ ባግ (የኮድ ስህተት) ነው። መሣሪያው ግን ይህን አያውቅም። ኮዱ ዛሬ የሚያወጣውን አየ፣ "ትክክለኛው መልስ ይህ ነው" ብሎ ጻፈ። ባጋችንን በሚስማር መታልን ማለት ነው። ያንን ባሳልፈው ኖሮ፣ ነገ ባጉን የሚያስተካክል ልጅ ቀይ (ቴስቱ ወደቀ የሚል ምልክት) ያይና ራሱን ይጠራጠራል። ሽፋኑ ደግሞ እውነትም ጨምሯል! መስመሩ ሮጧላ። መልሱ ልክ ስለመሆኑ ሽፋን ምንም አይነግርሽም።

14ቱንም ዘጋሁ። በመካከላቸው ጥሩ ቴስት አልነበረም አልልም። ግን የማላውቀው ሰው የጻፈው ቴስት ምን ለማለት እንደፈለገ ለመረዳት 20 ደቂቃ ይፈጅብኛል። 63ን በ20 አባዢው። 21 ሰዓት። ከአሥር ምሽት በላይ። አንቺ በነጻ ሰጠኋቸው ትያለሽ፣ እኔ ደግሞ ሂሳቡ ለኔ ነው የመጣው።

ሌላም ጣጣ አለ፤ መጠራጠር ለምደናል። በ2021 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሆን ብለው እንከን ያለባቸው ፓቾች (የኮድ ማስተካከያዎች) ወደ ሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት) ልከው፣ ሪቪው (ኮድ ከመግባቱ በፊት የሚደረግ ፍተሻ) ላይ ይያዙ እንደሆነ ሲያጠኑ እንደነበር ታወቀ። ሜይንቴይነሮቹን አላስፈቀዱም። ከዩኒቨርሲቲው የሚመጣ ኮድ ታገደ፣ ተመራማሪዎቹ ይቅርታ ጠይቀው ጽሑፋቸውን ከኅትመት አነሱ። በ2024 ደግሞ የኤክስዜድ (ፋይል የሚያጭቅ ኦፕን ሶርስ ፕሮግራም) ጉድ መጣ። ለዓመታት ደግ ረዳት መስሎ የቆየ ሰው የኋላ በር (ሚስጥራዊ መግቢያ) አስገብቶ ተገኘ። ተንኮሉ የተደበቀው የት ውስጥ ነበር? የቴስት ፋይሎች ውስጥ። ስለዚህ "ቴስት ብቻ እኮ ነው" የሚለው ነገር እኛ ጋ አይሠራም።

አሁን ደግሞ የወደድኩትን ልጅ ልንገርሽ። እሱም እንዳንቺ ተማሪ ነበር። ኮድ አልላከም። ሦስት መስመር ጻፈልኝ፦ ቴስት ላይ እየሠራሁ ነው፣ ከቴስቶቻችሁ በጣም የሚያስመርራችሁ የትኛው ነው?

ከዚያ በፊት ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ወዲያው መለስኩለት። በሳምንት አንዴ ያለ ምክንያት የሚወድቅ ቴስት ነበረን። ድጋሚ ስታስኬጂው ያልፋል። ፍሌኪ የሚሉት ነው። እኛ ለምደነው "በቃ ድጋሚ ጫነው" እንባባል ነበር። ልጁ ሦስት ሳምንት ቆየበት። ያገኘው ነገር ይህ ነው፦ ሌላ ፋይል ውስጥ ያለ ቴስት የማሽኑን ሰዓት ዞን ወደ ቶኪዮ ቀይሮ፣ ሳይመልሰው ይወጣል። የኛ ቴስት ከሱ ቀጥሎ ከሮጠ ቀኑ በአንድ ይሳሳታል። ከሱ ቀድሞ ከሮጠ ሰላም ነው። ቴስቶቹ የሚሮጡበት ተራ ደግሞ እንደየማሽኑ ይለያያል። ተመራማሪዎቹ በጥናታቸው የመጀመሪያውን በካይ፣ ሁለተኛውን ተጎጂ ይሏቸዋል። እኛ ሁልጊዜ ስንጎረጉር የኖርነው ተጎጂውን ነበር!

ማስተካከያው ሁለት መስመር ነው። ግን ከሁለቱ መስመር በላይ የጻፈው ነው ደስ ያለኝ። የትኛውን ቴስት ከየትኛው አስቀድሜ ባስኬድ እንደሚወድቅ፣ ትዕዛዙን እንዳለ ቀድቼ የምለጥፈው አድርጎ አስቀመጠልኝ። ለጠፍኩ፣ ወደቀ። ፓቹን ጨመርኩ፣ አለፈ። አራት ደቂቃ አልፈጀብኝም። በወሩ የሦስት ዓመት የሲአይ (ቴስቶቻችንን በራሱ የሚያስኬድ ሥርዓት) ሎጋችንን (መዝገባችንን) ለጥናቴ ስጡኝ አለ። ጠቅልለን ሰጠነው። ለማንም የማንሰጠውን ነገር እኮ ነው።

ዝምተኛው ኮምፓይለር፦

የሌሊት ፈረቃ ባለው ላይ ትንሽ ልጨምር። እኔ ከዩኒቨርሲቲው ወገን ነኝ።

ብዛት ራሱ ችግር አይደለም። ሲስሚዝን ተመልከቺ። የዩታ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በዘፈቀደ የሲ ፕሮግራም የሚያመነጭ መሣሪያ ሠርተው፣ በ2011 ሲያሳትሙ ከ325 በላይ የማይታወቁ ባጎች ለኮምፓይለር (ሰው የጻፈውን ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጥ ፕሮግራም) ሠሪዎች አሳውቀው ነበር። ጂሲሲና ኤልኤልቪኤም የሚባሉት ታዋቂ ኮምፓይለሮች ጭምር። ታዲያ ለምን አልተባረሩም? ኮምፓይለሩ የተሳሳተ ኮድ ሲያወጣ ክርክር የለውም፣ ባግ ነው። ደግሞ የሚያመነጨው ፕሮግራም ረጅምና ለዓይን አስቀያሚ ስለሆነ፣ ጥሬውን ማንም አያነበውም። ከዚያው ቡድን በ2012 ሲሪዱስ ወጣ። ባጉ ሳይጠፋ ፕሮግራሙን እየከረከመ ወደ ጥቂት መስመር ያወርደዋል። ያንቺ መሣሪያ የጎደለው ይህ ክርከማ ነው። እንደዚያኛው 63 ቴስት ከሚጽፍ፣ ከ63ቱ ሰው ሊያየው የሚገባውን አንዱን ይምረጥ። እመኚኝ፣ ከመጻፉ ይልቅ ምርጫው ነው የጥናት ጥያቄ የሚሆነው።

የተዘጉብሽን 34ቱንም አትደብቂያቸው። እያንዳንዱ ለምን እንደተዘጋ ለይተሽ ጻፊ፣ የሰው ስም ሳትጠሪ። እኔ ገምጋሚ ብሆን ከሽፋን ሠንጠረዥ ይልቅ ያንን ነው የማነበው። ግን ቀድመሽ የሥነ ምግባር ኮሚቴያችሁን አማክሪ። ሜይንቴይነር ሰው ነው፣ ጊዜውን ወስደሽ መልሱን ከመዘገብሽ የጥናትሽ ተሳታፊ ሆኗል። አማካሪሽ ይህን ቀድመው ሊነግሩሽ ይገባ ነበር፣ ግን ተይው።

ሰሚኮለን፦

የሥነ ምግባር ኮሚቴ መልስ እስኪሰጥ አራቱ ወር ያልቃል። ዛሬውኑ ጻፊላቸው።

ነጭ ሰሌዳ፦

ትናንት ማታ ሁሉንም አንብቤ ዝም ብዬ ተኛሁ፣ እውነቱን ለመናገር አፍሬ ነበር። ጠዋት ተነስቼ 34ቱን አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። እስከ ምሳ 12 ላይ ደረስኩ። ከ12ቱ በሦስቱ ውስጥ ልክ እንደ ፌብሩዋሪ 30 ያለ ነገር አገኘሁ። አንዱ፣ ባዶ ዝርዝር ሲሰጠው አማካይ ዜሮ ነው ይላል። እኔ ነኝ ያንን "ትክክል" ብዬ የላክሁት።

ብሎክ አደርግሻለሁ ላለኝ ሰውዬ ይቅርታ ጻፍኩለት። ሌላ ምንም አልጨመርኩም። አልመለሰም፣ አልፈርድበትም።

"የሚያስተካክለው ማነው" ላለኝ ደግሞ ይቅርታውን ጽፌ፣ የሚያስመርራችሁ ቴስት የትኛው ነው ብዬ ጠየቅሁት። በ40 ደቂቃ መለሰ! ፋይል የሚያወርድ ቴስት አለን፣ ሁለት ሰከንድ ጠብቆ ፋይሉ መኖሩን ያያል፣ አንዳንዴ ይወድቃል አለኝ። አሁን 200 ጊዜ አስኬድኩት። አራቴ ወደቀ።

ዝምተኛው ኮምፓይለር፦

ሁለት ሰከንድ ጠብቆ? እንግዲያው ያረጀ በሽታ ነው። በ2014 በ51 የአፓቼ ፋውንዴሽን ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶች ላይ የፍሌኪ ቴስት ማስተካከያዎችን ያጠኑ ሰዎች ነበሩ። ከሁሉ በላይ ያገኙት ይህንኑ ነው፣ ሥራው ማለቁን ሳያረጋግጥ በግምት የሚጠብቅ ቴስት። ግን ሰከንዱን ወደ አምስት አሳድገሽ እንዳትልኪለት። ያ መፍትሔ አይደለም፣ ቴስቱን ማዘግየት ነው። ማውረዱ ሲያልቅ የሚነግርሽ ነገር ኮዱ ውስጥ ካለ እሱን ጠብቂ።

የሌሊት ፈረቃ፦

ኮዱን ከመንካትሽ በፊት የወደቁበትን አራቱን ሎግ እዚህ ለጥፊልን። ልጆቹ ተኝተዋል፣ አንድ ሰዓት አለኝ።