የኳስ ሜዳው ገበያ ይሁን ወይስ ሜዳ ሆኖ ይቅር? (ክርክር)

አስተባባሪ፦
ሰላም ያገር ልጆች። ወሬው ደርሷችኋል፤ ላልሰማ ባጭሩ ልድገመው። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ሜዳ ተወስዶ ባለ ሁለት ፎቅ የገበያ ማዕከል ሊሠራበት ታስቧል። ፎቁ ለባለሀብት፣ ምድሩ ለጉሊት ነው ተብሏል። ነዋሪው ይወያይበት ተብሎ ስብሰባ ስለተጠራ እስከዚያው እዚህ እንጨቃጨቅበት። ስድብ የለም። አርሴናልና ማንቼም ባይነሳ ደስ ይለኛል፤ ግን አቅሜን አውቃለሁ።

ቁጥር አሥር፦
እኔ እዚያ ሜዳ ላይ ነው ያደግሁት። ከሩቅ ያላችሁ ሜዳ ስል ሣር ያለው እንዳይመስላችሁ። ወደ ወንዙ ያዘነብላል፤ ቁልቁል የሚጫወተው ቡድን ሁለት ጎል ይዞ እንደጀመረ ይቆጠራል። የጎሉ ቋሚ የባሕር ዛፍ አጣና ነው፤ ክረምት ላይ አንዱ ለማገዶ ይወስደዋል፣ መስከረም ላይ እኛ አዋጥተን እንተክላለን። ኳስ ከወጣ "የመታ ያምጣ" ነው፤ የዚያ ሜዳ ሕገ መንግሥት እሱ ነው። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሂዱና እዩ፦ አራት ጨዋታ ባንዴ ተደራርቦ ይካሄዳል፣ የቱ ኳስ የማን እንደሆነ የሚያውቁት ተጫዋቾቹ ብቻ ናቸው። ይህ ሁሉ ልጅ ነገ የት ይዋል? ቤቲንግ ቤት?

የጉሊቷ፦
ልጄ፣ የምትለው ይገባኛል። የኔም ልጅ ጫማ የሚጨርሰው እዚያው ነው። ግን አንድ ቅዳሜ ነሐሴ ላይ መጥተህ አጠገቤ ቁጭ በል። በርበሬውን በላስቲክ እሸፍነዋለሁ፤ ዝናቡን ከላይ ብመልሰው ጎርፉ ከሥር ይመጣል። ከረጢቱ ከታች ይርሳል፤ ማታ ቤት ገብቼ ስዘረግፈው የታችኛው ዛላ ለስልሶ እጄ ላይ ይቀራል። በሦስተኛው ቀን ይሻግታል፤ እንኳን ሊሸጥ ለቤትም አይሆን። ቲኬት ቆራጩ ግን ዘነበ አልዘነበ ይመጣል። የምንከፍለው የት ገባ እያልን ስንት ዓመት ጮኸናል፤ ይኸው አሁን ጣሪያ እንስጣችሁ ሲሉ ለኳስ ብዬ እምቢ ልበል?

ቁጥር አሥር፦
እትዬ፣ እርስዎ ጣሪያ አያግኙ አላልኩም እኮ።

የጉሊቷ፦
አላልክም። ግን የት ያግኙ አላልክም።

አርሴናሉ፦
እውነቱን እንነጋገር። ልጆቹ ያሉት ሜዳ ላይ ሳይሆን ዲኤስቲቪ ቤት ነው። የለንደን ተጫዋች የትኛው ጉልበቱ እንደታመመ የሚያውቅ ልጅ እዚህ በግራ እግሩ አንድ ኳስ አይመታም። ሜዳው ላይ ጠዋት ብታልፉ ላም ነው የምታገኙት። ገበያው ይሠራ።

ቁጥር አሥር፦
አንተ ዋንጫ ስትጠብቅ የሸበትክ ሰው ነህ፤ ያንን ትዕግሥት ለኛም አበድረን። ደግሞ ባሕር ዳር ከነማ በ2015 ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ሲጨርስ አንተም አብረህ ጨፍረሃል። ያ ቡድን ከዲኤስቲቪ ቤት ነው የበቀለው?

አስተባባሪ፦
ተናግሬ ነበር።

ጡረተኛው መምህር፦
ሁለታችሁም ሜዳውን የኳስ ብቻ አድርጋችሁ ነው የምትከራከሩት። ለገና እዚያ ነው ሩሯን የምናሯሩጣት፤ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" እየተባለ ሹሙም ቅልጥሙን የሚመታው እዚያ ነው። ለጥምቀት ታቦቱ የሚያድረው እዚያ፣ ለኢድ ሙስሊሙ የሚሰግደው እዚያ። ባለፈው ዓመት የጎረቤቴ ልቅሶ ድንኳኑ ከግቢ ቢያልፍ የተተከለው እዚያው ጥግ ላይ ነው። የገበያ ማዕከሉ ሲቆም ታቦቱን ፎቅ ላይ ልናወጣው ነው?

ደግሞ "ዘመናዊ ስታዲየም ሌላ ቦታ ይሠራላችኋል" የሚል ወሬ ሰምቻለሁ። ልጆቼ፣ ስለ ስታዲየም እኔን አትጠይቁኝ። ኅዳር 2012 ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ስንረታ ባሕር ዳር ስታዲየም ነበርኩ፤ ከዚህ በአይሱዙ ተጭነን ሄደን ድምፄ ሳምንት ሙሉ አልተመለሰም። በ2014 መጀመሪያ በዚያው ሜዳ ደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 አሸነፈን። ወዲያው የአፍሪካን እግር ኳስ የሚመራው ካፍ ስታዲየሙ ደረጃውን አያሟላም ብሎ ከለከለ፤ በቀጣዩ ወር ከጋና ጋር "በሜዳችን" የተባለውን ጨዋታ ጆሃንስበርግ ሄደን አደረግን። ክልሉ ዋና ከተማ ላይ ያለው እንዲህ ከሆነ፣ የኛ ወረዳ ስታዲየም መሠረተ ድንጋዩ ላይ ሣር ሲበቅል ይታየኛል። ሜዳ ግን ባጀት አይጠይቅም። አትንኩት ብቻ ነው የሚለው።

ባጃጅ፦
ጋሼ፣ እኔ የማውቀው ያ መንገድ ሁለት ባጃጅ አያሳልፍም። ገበያ እዚያ ከሄደ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ አቁሜ ከናንተ ጋር ኳስ ነው የምጫወት። እሱም ሜዳ ካለ።

ከአዲስ አበባ፦
ልማት ነው ብዬ ልከራከር ነበር የገባሁት። መምህር የእርስዎን ሳነብ ተውኩት። እኛ እዚህ ሣር መሳይ ምንጣፍ የተነጠፈበት፣ በሽቦ የታጠረ ቦታ በሰዓት ተከራይተን ነው የምንጫወተው። ሰዓቱ ሲያልቅ መብራቱ ይጠፋል፤ ጎል ልታገባ ስትል ቢሆንም።

ቀያሹ፦
ስሜን እንዳትጠሩ እንጂ ነገሩን ከውስጥ አውቀዋለሁ። ሜዳው የተመረጠው ለገበያ ስለሚመች አይደለም። እንዳያችሁት ያዘነብላል፤ ለመደልደሉ ብቻ ብዙ ገንዘብ ይበላል። የተመረጠው ባለቤት ስለሌለው ነው። የሰው ይዞታ ለመውሰድ በአዋጅ 1161/2011 መሠረት ካሳ ትከፍላለህ፣ ምትክ ቦታ ታዘጋጃለህ፣ አቤቱታ ትሰማለህ። ሜዳ ካርታ የለውም፤ ካሳ አይጠይቅም፤ ቢሮ ድረስ መጥቶ አያለቅስም። ለባለሀብት በሊዝ ስታስተላልፈው ደግሞ ሙሉ ገቢ ነው። እኛ ቢሮ ግድግዳው ላይ የከተማ ፕላን መርሁ ተለጥፏል፦ 30 በመቶ መንገድ፣ 30 በመቶ አረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 40 በመቶ ግንባታ። ወረቀቱ ፀሐይ መትቶት የመሃሉ 30 ደብዝዟል። አይነበብም ማለት ይቻላል።

እትዬ፣ ለእርስዎ ደግሞ አንድ ነገር ልንገርዎ። አሁን ያሉበት ገበያ ቦታው ጠቦ አይደለም የሚያሰቃያችሁ። የላይኛው መንገድ ውሃ የሚወርድበት ቦይ ከተደፈነ ቆይቷል። ቦዩ ተከፍቶ፣ መሬቱ ጠጠር ለብሶ፣ በቆርቆሮ መደዳ ጥላ ቢሠራ የፎቁን እሩብ ወጪ አይፈጅም። ይህ በጽሑፍ ቀርቦ ነበር። ቆርቆሮ ግን አይመረቅም፣ ሪባን አይቆረጥበትም።

አርሴናሉ፦
እንዲህ ከሆነማ እኔም እጄን አወርዳለሁ። ላሞቹ ግን ይውጡ።

የጉሊቷ፦
ቆርቆሮው ከመጣ እኔ ከዚያ ከፎቁ ሥር ምን ላደርግ እሄዳለሁ? ገበሬው ከዚህ የለመደውን ትቶ እስከ ወንዝ አይከተለኝም። ደግሞ "ምድሩ ለጉሊት" ያሉት ኪራዩ ስንት እንደሆነ አንድም ሰው አልነገረንም። የቡና ቤት ባለቤቶች ይዘውት እኛ ደጃፉ ላይ ላስቲክ ይዘን እንዳንቆም እፈራለሁ። ልጄ ቀያሹ፣ ያልከውን በስብሰባው ላይ ቆመህ ትለዋለህ?

ቀያሹ፦
እኔ ብናገር በነጋታው ገጠር ቀበሌ ነው የምመደበው። የተጻፈው ወረቀት ቅጂ ግን አለኝ። ሌላ ሰው ያንብበው።

ጡረተኛው መምህር፦
አምጣው፣ እኔ አነበዋለሁ። እኔን የት ይመድቡኛል?

ቁጥር አሥር፦
የኛ ልጆችም እንመጣለን። እትዬ፣ እርስዎ ፊት ይቀመጡ፤ ስለ ቦዩ እርስዎ ሲናገሩ ነው የሚሰማው። እኛ ስንናገር "ኳስ ወዳድ" ብለው ይስቁብናል።

አስተባባሪ፦
ጥሩ። ስብሰባው ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ በቀበሌው አዳራሽ ነው።

የጉሊቷ፦
ማክሰኞ? ማክሰኞ እኮ ገበያ ነው።