«እሳቸው ብለዋል» ለሚል ክርክር ላቲኑ ምንድን ነው?

ጠያቂ፣ ጎንደር፦
ሰላም ናችሁ? ፒያሳ ቡና እየጠጣን የፋሲል ግንብ ወሬ ተነሳና አንድ ጓደኛዬ «የሠሩት ፖርቱጋሎች ናቸው» ብሎ ድርቅ አለ። ማስረጃህ ምንድን ነው ስለው «አንድ ትልቅ ሰው ነግረውኛል፣ የተማሩ ናቸው» አለ። በቃ። ፋሲለደስ እኮ የፖርቱጋሎቹን የካቶሊክ ሚስዮናውያን፣ ኢየሱሳውያንን፣ ከአገር ያባረረ ንጉሥ ነው ብል ማን ይስማኝ፣ ከዚያ በኋላ የተናገርኩት ሁሉ ሰውየውን እንደመናቅ ተቆጠረብኝ። ለእንዲህ ያለው ክርክር የላቲን ስም አለው ሲባል ሰምቻለሁ። የሕግ ተማሪዎች የላችሁም?

መልስ 1፦
አለን። ኢፕሴ ዲክሲት ይባላል፣ «እሱ ራሱ ብሏል» እንደማለት። ሮማዊው ጸሐፊ ሲሴሮ እንደጻፈው የፓይታጎረስ ተከታዮች ለምን ተብለው ሲጠየቁ መልሳቸው ይቺው ነበረች። እሱ የተባለው መምህራቸው ነው። ፍርድ ቤትም ገብታለች። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1997 በጄኔራል ኤሌክትሪክና በጆይነር ጉዳይ፣ የባለሙያው ድምዳሜ ከመረጃው ጋር የተያያዘው በራሱ «ብያለሁ» ብቻ ከሆነ ዳኛው የመቀበል ግዴታ የለበትም ብሏል።

መልስ 2፦
ላንተ ጉዳይ የሚቀርበው ግን አርጉሜንቱም አድ ቬሬኩንዲያም ነው። ስሙን ያስለመደው እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ ነው፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ። ቬሬኩንዲያ ያው የኛው ይሉኝታ ነው በለው። ሰውየው ስም አላቸው፣ ክብር አላቸው፣ አንተ ማን ነህና ነው የምትቃወመው፤ አፍህን ከከፈትክ ትዕቢተኛ ነህ። ሎክ የታዘበው ይህንኑ ነው። እኛ ዘንድማ ሽበት ያለው ሰው ከተናገረ ግማሹ ክርክር አልቋል፣ የተሸነፈውም ያመነ ሳይሆን ያፈረ ነው። ጓደኛህ ይህን ሳያውቅ የሚሠራበት አይመስለኝም፣ ብልጥ ነው።

መልስ 3፦
ኧረ ቀስ በሉ! ሁሉን በራሴ ካላጣራሁ ያለ ሰው መድኃኒትም አይውጥ። ሐኪሙን የማምነው ስላስታመመና ስለተማረ ነው፣ ለምን ብዬ ብጠይቀውም ይመልስልኛል። ችግሩ መጠየቅ ሲከለከል ነው። የጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም ጌለን የሰው ታችኛው መንጋጋ ሁለት አጥንት ነው ብሎ ስለጻፈ ሐኪሞች ከሺህ ዓመት በላይ ያንን ሲደግሙ ኖሩ። የሰውነት አካል አጥኚው ቬሳሊየስ እ.ኤ.አ. በ1543 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ነው አለ። ጌለን ለካ ቀዶ የመረመረው ዝንጀሮና ሌላ እንስሳ ኖሯል።

መልስ 4፦
የአብነት ትምህርት ቤት ላለፈ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። መምህር እንደዚያ በሚከበርበት ጉባኤ እንኳ በአንድ ቃል ነገሩ አይዘጋም። ትርጓሜውን ይሰጥህና «አንድም» ብሎ ሌላ ይጨምራል፣ ደግሞ «አንድም» ይላል። እዚሁ ጎንደር «ላይ ቤት» እና «ታች ቤት» የተባሉት የትርጓሜ ትምህርት ወገኖች በትርጓሜ ስለተለያዩ አይደል? «የኔታ ብለዋል» ይባላል፣ አዎ። ግን ሌላኛው የኔታ ያሉትም አብሮ ይነገራል።

መልስ 5፦
እ.ኤ.አ. በ1660 የተቋቋመው የለንደኑ የሳይንቲስቶች ማኅበር፣ ሮያል ሶሳይቲ፣ መፈክሩ ኑሊየስ ኢን ቬርባ ነው፣ የማንንም ቃል እንዲሁ አትቀበል ለማለት። መፈክሩን ራሱን ግን ከሮማዊው ገጣሚ ከሆራስ ግጥም ነው የወሰዱት 😄